ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ሽማግሌዎችን እየጋበዝን ለልጆች ተረትና የከተማዋን ታሪክ የሚያወሩበት ፕሮግራም ከፍተናል። ሁለቴ ሞከርን፣ ሁለቴም አልሆነም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ወሬያቸው የማይጠገብ ሰዎች፣ ማይክ ሲይዙ ስብሰባ የሚመሩ ይመስላሉ። ሁሉም ከአፄ ምኒልክና የባቡር ሐዲዱን ከዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ይጀምራል፣ እዚያው ያበቃል። ልጆቹ ስልካቸውን ያወጣሉ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሁለት አባቶች በከተማዋ ስም ትርጉም ተጣሉብኝ። ድምፃቸውን ቀድቼ ላስቀምጥ ስል አለቃዬ ‹ያልተረጋገጠ ነገር መደርደሪያ ላይ አናስቀምጥም› አሉኝ። ምን ይሻለኛል? ልተወው?»

መልስ፦ አቦ፣ እንዳትተወው! የድሬ ሰው ሲጽፍልኝ አንደበቴ ወዲያው ወደ ልጅነቴ ይመለሳል። እኔም የዚያው ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ለገሃሬ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ መጥቼ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 27 ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ውስጥ 11ዱን ዓመት የልጆች የተረት ሰዓት በእኔ እጅ ነበር። የጻፍከው ሁሉ ደርሶብኛል። አንተ ሁለቴ ሞክረህ ነው «አልሆነም» ያልከኝ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አልሆነልኝም።

በእኔ ግምት ነገሩ የሚበላሸው ገና ስትጠይቃቸው ነው። «ታሪክ ይንገሩን» ስትላቸው ታሪክ የሚባለው የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ይመስላቸዋል። የራሳቸው ኑሮ ታሪክ ነው ብለው አያስቡም። ስለዚህ አንተ የምትፈልገው የሚመስላቸውን ያቀርቡልሃል። ለአንተ ካላቸው ክብርም የተነሳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጥሩው ሰሃን ከቁም ሣጥን እንደሚወጣ ማለት ነው። አንተ ግን የምትፈልገው በየቀኑ የሚበሉበትን ሰሃን ነው።

አባቴ ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ እስቲ የባቡሩን ታሪክ ንገረኝ» አልኩት። ተነሳ። ጓዳ ገብቶ ኮቱን ለብሶ መጣ። የድሬን ሙቀት ታውቃለህ፤ በዚያ ሙቀት ኮቱን ቆልፎ ተቀመጠ። «በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ» ብሎ ጀመረ። ኢልግ የንጉሡ አማካሪ የነበረ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ሁሉንም ግን መጽሐፍ ላይ አገኘዋለሁ። ሁለት ገጽ ጻፍኩና ደከመኝ። እሱም ደከመው።

የዚያኑ ዕለት ማታ እናቴ ሻይ አቀረበች። አባቴ ፉት አለና «ይቺማ ሻይ ናት፤ የአይሻን ሻይ ብትቀምሱት» አለ። ኮቱን አውልቋል። በረሃ ላይ ስላለው የአይሻ ባቡር ጣቢያ ማውራት ጀመረ። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ስኳር በተጨመረ ቁጥር ሻዩ ይብስበታል። አንድ የጣቢያ ዘበኛ ነበር። ወደ ድሬ የሚመለስ ባቡር ባገኘ ቁጥር ባዶ ጠርሙስ ይሰጣቸዋል፤ «የሰው ውሃ ሞልታችሁ አምጡልኝ» እያለ። ከዘበኛው ወደ ሌሊቱ ብርድ ሄደ፣ ከብርዱ ወደ ጅቡ። እኩለ ሌሊት ድረስ አወራ። ደብተሬ ሌላ ክፍል ነበር። ሄጄ አላመጣሁትም። ከተነሳሁ ወሬውን የሚያቆም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ስጠይቅ የምጀምረው ከውሃ ነው። «ልጅ ሳሉ ቤታችሁ ውሃ የሚመጣው ከየት ነበር?» ይህንን ጠይቄው «አላውቅም» ያለኝ ሰው የለም። ውሃ ከተነሳ ማን እንደቀዳው ይነሳል። በምን እንደተሸከሙት ይነሳል። ወረፋ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ማንን እዚያ አይቶ እንዳገባ ሳይቀር ይመጣል። አሁን ከተማዋን አገኘሃት ማለት ነው።

ሌሎችም አሉኝ። በመጀመሪያ ደመወዝዎ ምን ገዙ? የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከቀዚራ ወደ መጋላ እንዴት ትሻገሩ ነበር? ቀፊራ ገበያ እናትዎ የሚቀመጡት ከማን አጠገብ ነበር? የባቡሩ ጩኸት ሲሰማ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? ሁሉም ቦታ አላቸው፣ ሰዓት አላቸው፣ እጅ የሚይዘው ነገር አላቸው። «ያኔ ኑሮ እንዴት ነበር?» ብለህ እንዳትጠይቅ። ለእሱ የሚሰጥህ መልስ «ጥሩ ነበር፣ ሰው ይዋደድ ነበር» ነው። ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

ስለ ምኒልክና ስለ ኩባንያው አይወራ አላልኩም። ያ እኮ የከተማዋ ልደት ነው። ግን እሱን በሦስት ደቂቃ አንተው ራስህ ለልጆቹ ንገራቸው። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቀረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም.። ቦታውን፣ የዛሬዋን ድሬ፣ «አዲስ ሐረር» አሉት። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፣ ሥራው ተጓተተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተነጥፏል።

አሁን ልጆቹን መሃሉን አስቆጥራቸው። ከ1895 እስከ 1909፣ 14 ዓመት። በእነዚህ ዓመታት ድሬ የመሸጋገሪያ ቦታ ነበረች። ከባቡር የወረደ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ጫኚ ያስፈልጋል፣ አዳሪ ቤት ያስፈልጋል፣ ምግብ የምትሸጥ ሴት ታስፈልጋለች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ እዚያ ሜዳ ላይ ተገናኘ። «ድሬን ማን ቆረቆራት?» ሲባል የሁለት ሰው ስም ብቻ ከተጠራ ልጆቹ የራሳቸው ቅድመ አያት ከተማ ቆርቋሪ እንደሆነች ሳያውቁ ያድጋሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። የኩባንያው ወረቀት ሐዲዱ ስንት እንደፈጀ ይነግርሃል። ለጫኚዎቹ ሌሊት ሾርባ ስትሸጥ ያደረችውን ሴት አይነግርህም። እሷን የሚነግርህ የልጅ ልጇ ነው። እሱም አሁን ሰባ ምናምን ሆኖታል።

አሁን አንድ ቀን ላሳይህ። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ጋበዝኩ። ለልጆቹ «ጋሼ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር» አልኩ። ልጆቹ ምንም አልመሰላቸውም። እኔም ታሪካቸውን አልጠየቅኳቸውም። «ጋሼ፣ ሥራ ቦታ ሲደርሱ መጀመሪያ በእጅዎ የሚይዙት ምን ነበር?» አልኳቸው። «መዶሻ» አሉ። «እጀታው ረጅም ነው፣ ራሱ ትንሽ።» በእጃቸው ልክ ለኩት። ባቡሩ ሲቆም ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ የብረት ጎማውን አንድ በአንድ መምታት ነበር ሥራቸው። አንድ ልጅ «ለምን ይመቱታል? ምን አጠፋ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ሁለት ብርጭቆና አንድ ማንኪያ ጠየቁ።

ከሻይ ክፍሉ አመጣሁላቸው። ሁለቱን አገላብጠው አዩና አንዱን መለሱልኝ። «የተሰነጠቀ የላችሁም?» የኛ ሻይ ክፍል ደግሞ የተሰነጠቀ አያጣም። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። «ዐይናችሁን ጨፍኑ» አሉ። ጨፈንን። እኔም ጨፈንኩ። የመጀመሪያውን በማንኪያው ጫፍ ነካ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ፣ ትንሽ ቆየ። ሁለተኛውን ነኩት። ጠፍ ብሎ ቀረ። «የትኛው ነው ጤነኛ?» ልጆቹ በአንድ አፍ መለሱ። «እኔ በጨለማ፣ በዝናብ፣ በእንቅልፍ ዐይኔ ይህንን ነበር የምሰማው። አንዱ ጎማ እንዲህ ካለና ሳልሰማው ካለፍኩ ባቡሩ ቁልቁለት ላይ ሰው ይዞ ይገለበጣል።»

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ልነግርህ አልችልም። ያ ልጅ ተነስቶ ማንኪያውን ለመነ። ሁሉም በየተራ መቱ። ሽማግሌው ሁለት ሰዓት ቆዩ። አንዴም የምኒልክን ስም አላነሱም። ሲወጡ ግን ልጆቹ ራሳቸው «ባቡሩን ማን አመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። የመጽሐፉ ቦታ ያኔ ነው። መደርደሪያው ሦስት እርምጃ ነበር የሚርቀው።

ስለዚህ ማይኩን ተወው። ልጆቹን ከ20 አታስበልጥ። ክብ ሠርተው ይቀመጡ፣ እንግዳው መሃል ሳይሆን ከክቡ ላይ አንዱ ቦታ ይሁን። መድረክ አያስፈልግም። ዕቃ ይዘው እንዲመጡ ለምናቸው። የድሮ ቲኬት፣ የእናት መሶብ፣ ፎቶ፣ ቁልፍ፣ ምንም ይሁን። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል።

ሰዓቱንም እየው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀምር። ከ5 ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ነው የሚፈልገው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ግማሾቹ አባቶች በርጫ ላይ ናቸው፤ አታገኛቸውም። ሌላው የቤተ መጻሕፍት ጸጥታ ነው። ለፈተና የሚያነቡ ተማሪዎች ከጠዋት ተሰልፈው ቦታ ይይዛሉ። እነሱን ማስቀየም የለብህም። በረንዳ ካለ በረንዳ፣ ዛፍ ካለ ዛፍ ሥር። ቅድም ራስህ ነግረኸኛል፤ በረንዳ ላይ ሲጫወቱ ወሬያቸው አይጠገብም ብለህ። መልሱ አጠገብህ ነበር።

ልጆቹ ስልክ የሚያወጡት ሥራ ሲያጡ ነው። ተረት እኮ ድሮም ብቻውን አይወራም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ከሌለ ተራቹ አይጀምርም። ሶማሌው «ሼኮ ሼኮ» ሲል «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይመልሱለታል። አባባ ተስፋዬ እንኳ ቴሌቪዥን ውስጥ ሆነው «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ብለው ቆም ይሉ ነበር። እኛም ከሣጥኑ ፊት ሆነን እንመልስላቸዋለን። በ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ አደረጉ። የሚሰማቸው ልጅ መልስ እንዳለው ያውቁ ነበር።

አንድ ጨዋታ ልስጥህ። እኔ ዘንድ ሳይሠራ የቀረበት ቀን የለም። እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» የተጠየቀው መልሱን ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ድሮ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ሰጥተን እንገላገል ነበር። አንተ አገሩን በሰፈር ቀይረው። ያላወቀው ልጅ ሰፈር ይስጥ። «ገንደ ቆሬን ሰጥቻለሁ!» «ሳቢያንን ሰጥቻለሁ!» «አሸዋን ሰጥቻለሁ!» ሰፈሩ በተሰጠ ቁጥር ከእንግዶቹ አንዱ ስለዚያ ሰፈር አንድ ያዩትን ነገር ይናገራሉ። አንድ ብቻ፣ አጭር። ልጆቹ ማስታወሻ ሳይይዙ የከተማዋን ካርታ ይማራሉ። አረጋውያኑም «የኔን ሰፈር ማን ይሰጥ ይሆን» እያሉ ይጠብቃሉ።

ወደ ጠቡ ልምጣ። የስሙ ጠብ አዲስ አይደለም። በኦሮምኛ «ድሬ» ሜዳ፣ «ዳዋ» መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ። ከሶማልኛ የሚያመጡት ደግሞ ድር የሚባለው የሶማሌ ነገድ አባት፣ ድር ራሱ፣ ጦሩን የወጋበት ቦታ ነው ይላሉ። ሁለቱም አባቶች ከአባታቸው የሰሙትን ነው የተናገሩት። አንዱን ዳኝተህ ሌላውን ብታሳፍር ዳግመኛ ደጃፍህን አይረግጡም። ልጆቻቸውም አይመጡም። አንተ ዳኛ አይደለህም። ሁለቱንም ሙሉውን አስጨርሳቸው፣ ሁለቱንም ቅዳ፣ ጎን ለጎን አስቀምጥ። ለልጆቹም «እገሌ እንዲህ ይላሉ፣ እገሌ ደግሞ እንዲህ» በላቸው። ልጅ ሁለት ወሬ መያዝ ይችላል። የሚቸገረው ትልቅ ሰው ነው።

ኦሮሞ ዘንድ የቃል ታሪክ «አርጋ ደጌቲ» ይባላል። ያዩትና የሰሙት እንደማለት ነው። ለአለቃህም መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። እሳቸው የፈሩት ትክክለኛ ነገር ነው። የሰማነውን እንዳየነው አድርገን ብናስቀምጥ እናሳስታለን። እንግዲህ ለይተህ አስቀምጥ። ለእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ገጽ ቅጽ ሥራ። ማን ተናገሩ፣ በስንት ዓመት ተወለዱ፣ በምን ቋንቋ፣ መቼና የት ተቀዳ፣ ማን ቀዳው፣ የትኛውን በዓይናቸው አዩ፣ የትኛውን ከማን ሰሙ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው «ድሬዳዋ ማለት እንዲህ ነው» የሚል ነገር አይሆንም። «እኚህ ሰው በዚህ ቀን ይህንን ተናግረዋል» የሚል ነው። ይኸ የተረጋገጠ ነገር ነው። አንተ ፊት ነው የተናገሩት። አለቃህን በአክብሮት እንዲህ ብለህ አስረዳቸው። ቅጹን ሠርተህ ይዘህ ግባ፤ ባዶ እጅህን አትግባ።

ፈቃድ መጠየቅን አደራ። ከመቅዳትህ በፊትም ከቀዳህ በኋላም ጠይቅ። ሰው ወሬ ሲሞቀው ያላሰበውን ይናገራል። አንዲት እናት ስለ ባቡር ንግድ ሲያጫውቱኝ የሌላ ሰው ስም ጠሩ። ከጨረሱ በኋላ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ያቺን ነገር እኔም እሷም እስክናልፍ ዝጊያት» አሉኝ። ዘጋኋት። እስከ ዛሬ ዝግ ናት። ቅጽህ ላይ «እስከዚህ ጊዜ አይከፈት» የሚል መስመር ይኑርህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆች ፊት አትጠይቅ። የ1998ቱን ጎርፍ። የዚያ ዓመት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት፣ ደቻቱ ምን እንዳደረገ ለአንተ አልነግርህም። ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ማውራት የሚፈልግ ሰው አለ፣ መስማትም ይገባሃል። ግን ለብቻው፣ ቤቱ ሄደህ፣ ጊዜ ሰጥተህ። ሲያለቅሱ መቅጃውን ላጥፋ ወይ ብለህ ጠይቅ። ብዙዎቹ «ተወው፣ ይቀዳ» ነው የሚሉህ።

ስለ መቅዳት አንድ ጥፋቴን ነግሬህ ላብቃ። ገና ሥራ ስጀምር ለዕረፍት ድሬ መጥቼ አንዲት ጎረቤታችንን ቀዳሁ። ቀፊራ አርባ ዓመት የሸጡ ሴት ናቸው። በካሴት ነበር። ሙቀት ስለነበረ ቬንትሌተሩን ከፍ አድርጌ ቴፑን ከፊቱ አስቀመጥኩት። ሁለት ሰዓት አወሩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የሚሰማው የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ከሥሩ ሩቅ ላይ እሳቸው አሉ፤ ቃሉ አይያዝም። «በሚቀጥለው ዕረፍት እደግመዋለሁ» ብዬ ሄድኩ። በአራተኛው ወር አረፉ። ካሴቱን አልጣልኩትም።

ስለዚህ ቬንትሌተሩን አጥፋ። ለዚህም ነው ጠዋት ያልኩህ። ስልክህን ከጥሪ ዝጋው። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስቀምጠው፤ የታጠፈ ነጠላ ወይም ፎጣ ላይ አድርገው፣ አለዚያ የብርጭቆው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። በሁለት ስልክ ቅዳ። ስልኩ የሚፈቅድልህ ከሆነ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ (WAV) ፋይል ይሁን። በሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር፣ ለአንድ ሰዓት ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሚይዝ አስቀድመህ ቦታ አዘጋጅ። የዚያኑ ቀን ሦስት ቦታ ገልብጠው፤ አንዱ ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ይሁን። ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉንም አንድ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። የፋይሉ ስም ቀኑና የሰውየው ስም ይሁን። «አዲስ ቅጂ 7» ብለህ የተውከውን ከዓመት በኋላ አንተም አታውቀውም። ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ቀስ ያለ ሥራ ነው። የአንድ ሰዓት ወሬ አራትም አምስትም ሰዓት ይፈጃል። በአንዴ ሁሉን እገለብጣለሁ ብለህ አትደናገጥ። መጀመሪያ ዕድሜያቸው የገፋውን ቅዳ። ጽሑፉ ይደርሳል።

ሴቶቹን ደግሞ ሄደህ አምጣ። ደብዳቤህ ላይ «አባቶች» እንጂ አንዲት እናት አላየሁም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንዶቹን ጠይቅ» ይሉሃል። ያኔ ስለ ውሃው ጠይቃቸው።


ጥያቄ፦ «እህቴ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ናት፣ 78 ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለን ስንት ተረት ነግራናለች። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የልጆች ተረት ሰዓት አለው፤ እናቴ አንድ ቀን እንድትመጣ ጠይቀውኛል። ልጆቼ ግን አማርኛ እምብዛም አይሰሙም፣ ሌሎቹ ልጆች ደግሞ ጭራሽ። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም። ተርጉሜ እኔው ላንብብላቸው?»

መልስ፦ አንቺ አታንብቢላቸው። እናትሽ ያውሩ፣ በአማርኛ። አንቺ አጠገባቸው ሁነሽ ሦስትና አራት ቦታ ላይ ብቻ ቋጠሮውን ፍቺላቸው። ጅቡ መጣ፣ ጦጣዋ አታለለችው፣ ጅቡ ገባው። ሌላውን እጃቸውና ፊታቸው ይነግራል። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ጅብ ሲታለል በየትኛውም ቋንቋ ይገባዋል።

የሚደጋገም ነገር ያለበትን ተረት ምረጡ። እንስሳው በየመንገዱ ያንኑ ቃል የሚልበት አለ አይደል? ሦስተኛው ላይ ልጆቹ አብረው ይላሉ። ከመጀመራችሁ በፊት «የላም በረት» የምትለውን ብቻ አስተምሪያቸው። አሥሬ ያስደግሟቸው። ለሌሎቹ ልጆች ጨዋታ ነው፤ ለልጆችሽ ግን አያታቸውን ክፍሉ ሁሉ ሲከተላት ማየት ሌላ ነገር ነው።

ቤት ውስጥም ቅጂያቸው። የቡና ሰዓት ጥሩ ነው። ስልኩን ግን ከረከቦቱ አርቂው፤ ሲኒ ሲጋጭ ድምፃቸውን ይበላዋል። ቡናው እስኪቆላ አትቅጂ፣ አቦል ተቀድቶ ሲቀመጡ ክፈቺው። ተረቱን ጨርሰው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ ቶሎ እንዳትዘጊው። ልጆችሽ ተረቱን ይመልሱላቸው፣ በእንግሊዝኛም ይሁን በተሰባበረ አማርኛ። እሱም ይቀዳ። ዳቦውንም አስቀድመሽ ቁረሺና አዘጋጂ፣ ልጆች ይህንን አይረሱም።